«አይሆንልህም» ከማለት በፊት፦ አካል ጉዳትና የፈረስ ግልቢያ ውድድር

ስለ ሰውነት እንቅስቃሴ የሚሰጡ የጤና ምክሮችን ልብ ብለው አንብበው ከሆነ፣ አብዛኞቹ ሁለት ጤናማ እግር፣ ሁለት ጤናማ እጅና ቀጥ ያለ አከርካሪ ላለው ሰው ብቻ የተጻፉ ይመስላሉ። «በቀን ለ30 ደቂቃ ፈጠን ብለው ይራመዱ» ይባላል፤ «ሊፍቱን ትተው በደረጃ ይውጡ» ይባላል። ምክሩ ትክክል ነው። ነገር ግን በክራንች የሚንቀሳቀሰው፣ ከወገቡ በታች የማይታዘዝለት ወይም በልጅነቱ በፖሊዮ አንድ እግሩ የሰለለበት አንባቢ ጋዜጣውን አጥፎ ከማስቀመጥ በቀር ምን ያድርግበት? ልቡም፣ ሳምባውም፣ የደም ስሩም እንቅስቃሴ የሚፈልጉት እንደማንኛውም ሰው ነው። እንዲያውም ቀኑን ተቀምጦ የሚውል ሰው ለውፍረት፣ ለስኳር፣ ለደም ግፊትና ለድብርት ይበልጥ የተጋለጠ በመሆኑ ነገሩ ለእርሱ ይብስበታል።

ዛሬ የምናነሳው የፈረስ ግልቢያን ነው፤ ያውም ለመዝናናት የሚደረገውን ሳይሆን ለውድድር የሚደረገውን። ርዕሱ ለአንዳንዱ ሰው ቅንጦት ይመስል ይሆናል። እኛ ግን የፈረስ ሀገር ሰዎች ነን። የአዊ ፈረሰኞች በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ ተሰብስበው የሚያሳዩትን ትዕይንት በአካል ያላየ በቴሌቪዥን አይቶታል። ጉግስ በብዙ አካባቢ የበዓል ድምቀት ነው። ነገሥታቱና የጦር አበጋዞቹ እንኳ በፈረሳቸው ስም ይጠሩ ነበር፤ አባ ታጠቅ፣ አባ ዳኘው፣ አባ ነፍሶ እያልን ዛሬም እናነሳቸዋለን። በገጠሩም እግራቸው እምቢ ያላቸው አዛውንት በበቅሎ ገበያና ለቅሶ ሲሄዱ ማየት ብርቅ አይደለም። ሲወጡ አንድ ሰው እርካቡን ይይዝላቸዋል፤ ኮርቻው ላይ ከተደላደሉ በኋላ ግን ከሌላው መንገደኛ የሚለያቸው ነገር የለም።

ይህን የመሰለ ልማድ ባለበት ሀገር አንድ አካል ጉዳተኛ ወጣት «ፈረስ መጋለብ፣ መወዳደርም እፈልጋለሁ» ቢል ከቤተሰብም ከሐኪምም የሚያገኘው መልስ ይታወቃል። «ኧረ ተው፣ ያለችህንም አካል እንዳታጣ!» ነው። መልሱ ከፍቅር የመጣ መሆኑን አልጠራጠርም። በእኔ እምነት ግን ትክክለኛ የሕክምና መልስ አይደለም። አንድ ሰው ለውድድር መጋለብ ይችል እንደሆነና እንዳልሆነ የሚወስነው የጉዳቱ ስም አይደለም። ሊጠየቅ የሚገባው የትኛው የሰውነቱ ክፍል ምን ያህል እንደሚሠራ፣ የጎደለውን ምን ሊተካው እንደሚችል፣ አደጋውም ከየት እንደሚመጣ ነው። ሦስቱም ተመርምረው መልስ የሚያገኙ ጥያቄዎች ናቸው። ሳይመረምሩ «አይሆንልህም» ማለት ደግሞ የራሱ የጤና ጉዳት አለው፤ ጡንቻ ይሟሽሻል፣ አጥንት ይሳሳል፣ ሰው ከሰው ይርቃል።

ነገሩ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። ሊዝ ሃርተል የምትባል ዴንማርካዊት በ1943 እና በ1944 (እ.ኤ.አ) በድሬሳዥ የሀገሯ ሻምፒዮን ነበረች። ድሬሳዥ ፈረሱ በጋላቢው ስውር ትእዛዝ እርምጃውን፣ መዞሩንና መቆሙን በሥርዓት የሚያሳይበት፣ ዳኞችም ነጥብ የሚሰጡበት የፈረስ ስፖርት ነው። በ1944 መስከረም ላይ፣ ገና በ23 ዓመቷ፣ ፖሊዮ ያዛት። ነፍሰ ጡር ነበረች። ልጇ በጤና ተወለደች፤ እናቲቱ ግን መላ ሰውነቷ ተጎድቶ ከአልጋ ዋለች። እጇን ማንሳት፣ ቀጥሎ መዳህ፣ ቀጥሎ በክራንች መሄድ እንደገና ተማረች። ከጉልበቷ በታች ያለው ክፍል ግን እስከ መጨረሻው አልተመለሰላትም።

ፈረሰኛ የሆነ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ጋላቢ ፈረሱን የሚያዝዘው በአብዛኛው በባቱና በተረከዙ ነው። እርሷ ሁለቱንም አጥታለች። ስለዚህ በጭኗ፣ በወገቧና በክብደቷ ማዘዝን ተለማመደች፤ ጁብሊ የተባለችው ፈረሷም ያንን ቋንቋ ተማረች። በ1952 የሄልሲንኪ ኦሊምፒክ ሴቶች በድሬሳዥ ከወንዶች እኩል እንዲወዳደሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲፈቀድ ሃርተል የብር ሜዳሊያ አገኘች። ፓራሊምፒክ አይደለም፤ ከማንም ጋር የተወዳደረችበት ዋናው ኦሊምፒክ ነው። ፈረሱ ላይ ለመውጣትም ለመውረድም ሰው ይደግፋት ነበር፤ ሜዳሊያ ሲሰጥም ወርቁን ያገኘው ስዊድናዊ ነበር የደገፋት። በ1956ም ያንኑ ብር ደገመችው። የዚያ ዓመት ኦሊምፒክ በአውስትራሊያ ቢካሄድም ሀገሪቱ የፈረስ በሽታ እንዳይገባባት በጣለችው ጥብቅ ቁጥጥር ምክንያት የፈረስ ውድድሩ ብቻ ስቶክሆልም ላይ ነበር የተደረገው። ከእርሷ ድል በኋላ ነው ግልቢያን ለሕክምና የሚጠቀሙ ማዕከላት በአውሮፓ መስፋፋት የጀመሩት።

ለመሆኑ ፈረስ ላይ መቀመጥ ለሰውነት ምን ያደርጋል? ፈረስ በእርጋታ ሲራመድ ጀርባው ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ በአንድነት ይንቀሳቀሳል። ይህ ንቅናቄ የተቀመጠውን ሰው ዳሌ የሚያወዛውዘው ሰው በእግሩ ሲሄድ ዳሌው ከሚወዛወዝበት ጋር በጣም በሚመሳሰል መንገድ ነው፤ በደቂቃ ውስጥም 100 ገደማ ጊዜ ይደጋገማል። በእግሩ ሄዶ የማያውቅ ልጅ ዳሌው የእርምጃን ስልት የሚያውቀው ኮርቻ ላይ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ላለመውደቅ ሲባል የሆድ፣ የጀርባና የወገብ ጡንቻዎች ያለማቋረጥ ይሠራሉ። የፈረስ ሰውነት ሙቀት 38 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ በመሆኑ ከዝግተኛው እርምጃ ጋር ተዳምሮ የተገተሩ የጭን ጡንቻዎችን ያላላል። ሴሬብራል ፓልሲ ባለባቸው ልጆች ላይ የተቀመጡበትን ሚዛን የመጠበቅ ችሎታ ሲሻሻል ታይቷል።

ይህን ስጽፍ አንድ ነገር እንዳይሳት እፈልጋለሁ። ግልቢያ የተጎዳ አንጎልን አይጠግንም፤ የተቆረጠ የአከርካሪ ነርቭንም አይቀጥልም። «ፈረስ ሽባን ፈወሰ» የሚል ወሬ ከሰሙ አይመኑ። «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» የሚለው የአባቶች አነጋገር እዚህ ላይ ይሠራል፤ ትግሉ የጋላቢው ነው።

በሕክምና ግልቢያና በውድድር መካከል ያለውን ልዩነትም ማወቅ ይገባል። በሕክምናው ፈረሱን ሌላ ሰው ይመራዋል፣ ፊዚዮቴራፒስት ከጎን ይቆማል፣ ጋላቢው ታካሚ ነው። በውድድሩ ፈረሱን የሚያዝዘው ጋላቢው ራሱ ነው፤ ይለማመዳል፣ ይሸነፋል፣ ያሸንፋል። አካል ጉዳተኛ የሚያደርገውን ሁሉ «ሕክምና» ብለን የመጥራት ልማድ አለን። ሲዋኝ ሕክምና፣ ሲስል ሕክምና፣ ሲጋልብ ሕክምና። ሌላው ሰው ሲዋኝ ስፖርተኛ ነው የምንለው። ማሸነፍ መፈለግ በሽታ ስላልሆነ ሐኪም ዘንድ «መወዳደር እፈልጋለሁ» ብሎ መናገር አያሳፍርም፤ ምክሩም ለዚያ ዓላማ የሚሆን ምክር መሆን አለበት።

ዓለም አቀፉ አሠራር መልሱን በተግባር አስቀምጦታል። ፓራ ድሬሳዥ ከ1996ቱ የአትላንታ ጨዋታ ጀምሮ የፓራሊምፒክ ስፖርት ነው። ወንድና ሴት ሳይለዩ አብረው ይወዳደራሉ። ተወዳዳሪዎቹ በአምስት ምድብ ይከፈላሉ፤ ከባዱ ጉዳት ያለበት ሰው በምድብ 1 ሆኖ በእርምጃ ብቻ ይወዳደራል፣ ወደ ላይ ሲኬድ ሶምሶማና ግልቢያ ይጨመራሉ፣ ምድብ 5 ቀላል ጉዳት ያለባቸው ናቸው። ምድቡን የሚወስኑት የሠለጠኑ ሐኪሞችና ፊዚዮቴራፒስቶች ሲሆኑ የሚመረምሩት የጡንቻ ጥንካሬን፣ የመገጣጠሚያ መታጠፍንና የእንቅስቃሴ ቅንጅትን ነው። ሐኪሞቻችን እንዲያስተውሉት የምፈልገው ይህንን ነው። የመጀመሪያው ሥራ ምን እንደቀረ መለካት ነው።

ለጎደለው ደግሞ ምትክ ይፈለጋል። ጣቱ የማይጨብጥለት ሰው ዛቡ ላይ ቀለበት ይሰፋለታል፣ እጁን ያስገባበታል። እግሩ የማያዝዝለት በሁለቱም እጁ ቀጭን አለንጋ ይዞ የባቱን ሥራ በአለንጋው ንክኪ ይሠራል። ወገቡ የማይጸናው ከፊቱ መያዣ ያለው፣ ከኋላው ከፍ ያለ ኮርቻ ያሠራል። ዓይነ ስውር ተወዳዳሪ በሜዳው ዳር በቆሙ ሰዎች ድምፅ አቅጣጫውን ያውቃል። እንግሊዛዊው ሊ ፒርሰን የእጅና የእግር መገጣጠሚያዎቹ ደርቀው ነው የተወለደው። ከሲድኒ 2000 እስከ ቶኪዮ ባሉት ፓራሊምፒኮች 14 የወርቅ ሜዳሊያ ሰብስቧል። የስድስት ዓመት ልጅ ሳለ ለጀግንነቱ ሽልማት ተጋብዞ የያኔዋ ጠቅላይ ሚኒስትር ማርጋሬት ታቸር የጽሕፈት ቤታቸውን ደረጃ አቅፈው ያወጡት ልጅ እርሱ ነው።

አሁን ወደ ጥንቃቄው እንምጣ፤ እዚህ ላይ ችኮላ አያስፈልግም። የአከርካሪ አጥንት ጉዳት ያለብዎ ከሆነ ሦስት ነገሮች ያሰጉኛል። አንደኛው ቆዳ ነው። መቀመጫዎ ስሜት ከሌለው ኮርቻው ሲፈገፍግዎ አይሰማዎትም፤ በአንድ ቀን የጀመረ መላላጥ ወራት የሚያስተኛ የግፊት ቁስል ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ኮርቻው ላይ ወፍራም የበግ አጎዛ ይደረግ፣ ሱሪዎ የኋላ ኪስና ወፍራም ስፌት አይኑረው፣ ከወረዱ በኋላም በዚያው ቀን መቀመጫዎንና የጭንዎን ውስጥ በመስታወት ይመልከቱ ወይም ሰው ይይልዎት። የቀላ ቦታ ካለና ካልጠፋ እስኪድን ድረስ ኮርቻ ላይ አይውጡ። ሁለተኛው አጥንት ነው። ለረጅም ጊዜ ክብደት ያልተሸከመ የእግር አጥንት ይሳሳል፤ ለሌላው ሰው ምንም የማይሆን አወዳደቅ ለእርስዎ ስብራት ሊሆን ይችላል፤ ሕመም ስለማይሰማዎ ደግሞ ሳይታወቅ ያድራል። ሳይመቱ ያበጠ ወይም የሞቀ እግር ራጅ ይነሣ።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። ጉዳቱ ከደረት አጋማሽ በላይ ከሆነ ሰውነት የደም ግፊትን የሚቆጣጠርበት ሥርዓት ሊዛባ ይችላል። ፊኛ መሙላት፣ የሽንት ቱቦ መታጠፍ ወይም የጠበቀ ቀበቶ ብቻውን ግፊቱን በድንገት ወደ አደገኛ ደረጃ ያስወጣዋል። ምልክቱ ድንገተኛ ኃይለኛ ራስ ምታት፣ የፊት መቅላትና ከጉዳቱ በላይ ባለው ክፍል ላብ ማጥመቅ ነው። ይህ ከታየ ወዲያው ከፈረሱ ማውረድ፣ ሳያጋድሙ ቀና አድርጎ ማስቀመጥ፣ የጠበቀውን ልብስ ማላላት፣ ቱቦውን ማየትና ወደ ሕክምና መውሰድ ያስፈልጋል። አብሮዎ ያለው ሰው ይህን አስቀድሞ ማወቅ አለበት፤ በዚያ ሰዓት እርስዎ ለማስረዳት ላይችሉ ይችላሉ። እንዲህ ያለ ጉዳት ያለበት ሰው በደንብ ስለማያልበውም የቀትር ፀሐይ አይስማማውም። ልምምድ ማለዳ ይሁን።

በልጅነታቸው ፖሊዮ የያዛቸው ጎልማሶች ሌላ ምክር ያስፈልጋቸዋል። ከበሽታው ከብዙ ዓመት በኋላ አዲስ ድካም፣ አዲስ የጡንቻ መዛልና ሕመም ሊመጣ ይችላል። ለእነርሱ «ላብህ እስኪንጠፈጠፍ ሥራ» የሚለው የአሠልጣኝ ቋንቋ ጎጂ ነው። መመዘኛው ማግስቱ ነው፤ ትናንት ጋልበው ዛሬ ጠዋት ከወትሮው የባሰ ከደከሙ ትናንት በዝቷል።

እግራቸውን ያጡ ወገኖችም አሉ። በመኪና አደጋ፣ በስኳር፣ አንዳንዴም የተሰበረ እጅና እግር ወጌሻ ዘንድ ከመጠን በላይ ጠብቆ ታስሮ ደም አልደርስ ብሎት የሚቆረጥበት አጋጣሚ መኖሩን የአጥንት ሐኪሞች አዘውትረው ይናገራሉ። (ስለ እርሱ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ያስፈልጋል።) ሰው ሠራሽ እግር ለመሄድ የተሠራ እንጂ ለእርካብ የተሠራ አይደለም። ቁርጭምጭሚቱ ስለማይታጠፍ እርካብ ውስጥ ተቀርቅሮ ጋላቢውን ሊያስጎትተው ይችላል። ስለዚህ አንዳንዱ ሰው ሠራሽ እግሩን አውልቆ ይጋልባል፣ ሌላው ከፊቱ የተዘጋ እርካብ ያሠራል። የትኛው እንደሚሻል እግሩን ከሠራልዎ ባለሙያ ጋር ይነጋገሩ።

በመድኃኒት ያልተገታ የሚጥል በሽታ፣ ከቦታው የወለቀ ዳሌ፣ የቅርብ ጊዜ የአከርካሪ ቀዶ ሕክምና፣ ያልዳነ የግፊት ቁስል ያለበት ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ያለ ሐኪም ፈቃድ መጀመር የለበትም። ዳውን ሲንድሮም ያለባቸው ልጆች የላይኛው የአንገት አጥንታቸው የላላ ሊሆን ስለሚችል አስቀድሞ መመርመር አለባቸው። ከዚህ ዝርዝር ውስጥ አንዳንዱ «ቆይ» እንጂ «በፍጹም» አለመሆኑን ልብ ይሏል።

አንድ ነገር ግን በጥብቅ ልናገር፤ ጋላቢን ከኮርቻው ጋር አትሰሩት። «እንዳይወድቅብን» ብሎ ወገቡን ወይም እግሩን በገመድ ወይም በቀበቶ ኮርቻው ላይ ማሰር የደግነት ይመስላል። ፈረሱ ቢደነብር ወይም ቢወድቅ የታሰረው ሰው ከሥሩ ይቀራል። በውድድር የሚፈቀዱት ላስቲኮችና የሚጣበቁ ማሰሪያዎች እንኳ ጋላቢው ሲወድቅ ወዲያው የሚለቁ መሆን አለባቸው። ሚዛኑ ካልጸና መፍትሔው ከግራና ከቀኝ ሁለት ሰው ማቆም፣ ፈረሱን ደግሞ አንድ ሰው እንዲስብ ማድረግ ነው። የራስ ቁር የግድ ነው፤ የሞተር ብስክሌት ሄልሜት ከባድ ስለሆነ ደካማ አንገት አይሸከመውም፣ ለግልቢያ የተሠራው ይፈለግ። ፈረሱም ዕድሜው የበሰለ፣ ቁመቱ መካከለኛ፣ ክራንችና ዊልቼር አይቶ የማይደነግጥ ይሁን። ዊልቼሩን አስቀድመው ያስሸትቱት፣ ዙሪያውን ያሽከርክሩለት። ቀኑን ጋሪ ሲጎትት የዋለ፣ ጀርባው የቆሰለ ፈረስ ግን ለጀማሪ ጋላቢም ለራሱም አይሆንም።

ሀገራችን በፓራሊምፒክ የታወቀችው በሩጫ ነው። ትዕግስት ገዛኸኝ በቶኪዮ በ1500 ሜትር ወርቅ ስታመጣ ሁላችንም ደስ ብሎናል። የፈረስ ባለቤት፣ አርቢና ፈረሰኛ በሞላበት ሀገር ግን አካል ጉዳተኛ ፈረሰኛን ከጉግስ ሜዳው ዳር ተመልካች አድርጎ ማስቀረት የገንዘብ ጉዳይ ብቻ አይመስለኝም። የፈረሰኞች ማኅበራት አንድ የሰከነ ፈረስ፣ አንድ መወጣጫ መድረክና በሳምንት አንድ ጠዋት መመደብ ይችላሉ። መድረኩ ከእንጨት ይሠራል፤ ቁመቱ ዊልቼር ላይ የተቀመጠ ሰው ከኮርቻው ጋር ትክክል እንዲሆን፣ ጎኑም ተዳፋት መውጫ እንዲኖረው ማድረግ ነው። የተሐድሶ ሕክምና ክፍሎቻችንም ክራንች ሰጥተው ሲሸኙ «ምን ስፖርት ትወዳለህ?» ብሎ መጠየቅን ከአገልግሎታቸው ቢቆጥሩት ወጪ የለውም።

ለመጀመር የወሰኑ አንባቢ መጀመሪያ ወደ ሐኪምዎና ወደ ፊዚዮቴራፒስትዎ ይሂዱ። «መጋለብ እችላለሁ ወይ?» ብለው ብቻ አይጠይቁ፤ «ሚዛኔ ምን ያህል ይጸናል? ዳሌዬ ለኮርቻ ይከፈታል ወይ? ብወድቅ የሚያሰጋኝ የትኛው አጥንት ነው?» ይበሉ። የሚወስዱትን መድኃኒት ዝርዝር ይዘው ይቅረቡ። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትዎ ጊዜው ያለፈ ከሆነ ይደገምልዎት፤ የበሽታው ተሕዋስ በአፈርና በፈረስ ፋንድያ ውስጥ ስለሚገኝ ትንሽ ጭረትም በር ይሆነዋል። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ከ10 እስከ 15 ደቂቃ፣ በእርምጃ ብቻ፣ ፈረሱ እየተሳበ ይሁን። ከመውጣትዎ በፊት ፊኛዎን ባዶ ያድርጉ። እንዴት እንደሚወርዱም ከመውጣትዎ በፊት ከረዳቶችዎ ጋር ይለማመዱት፤ ብዙ ጊዜ ችግር የሚፈጠረው በመውረድ ላይ ነው።